የካንጋሮ አይጥን በዱር ለማጥናት፦ አሸዋው ይቅደም፣ ወጥመዱ ይከተል

ስለ ካንጋሮ አይጥ ምንም የማያውቅ ሰው በረሃ ወርዶ በአንድ ምሽት ሃምሳ ወጥመድ ቢዘረጋ፣ ቦታው ከቀናው ጥቂት እንስሳት መያዙ አይቀርም። ጠዋት ላይ ግን የሚያውቀው ከማታው ብዙም አይበልጥም። ክብደትና ጾታ ይመዘግባል፤ እንስሳው ለምን እዚህ ቁጥቋጦ አጠገብ ተይዞ ሃያ ሜትር ራቅ ካለው እንዳልተያዘ ግን ሊናገር አይችልም። ወጥመድ መልስ የሚሰጠው ለተጠየቀው ብቻ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ የሚገኘው በቀን መሬቱን ሲያነቡ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ወጥመድ ሳይነካ ያልቃል።

እንስሳው የሚገኘው በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ብቻ ነው፤ ከካናዳ ደቡባዊ ሜዳ እስከ ሜክሲኮ። በሳይንስ ስሙ ዲፖዶሚስ የሚባለው ይህ ወገን ወደ ሃያ የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ረጅም የኋላ እግር፣ ከአካሉ የሚበልጥና ጫፉ ላይ ጎፈር ያለው ጅራት፣ ከአፉ ውጭ በግራና በቀኝ የሚከፈት ጸጉር የለበሰ የጉንጭ ከረጢት አለው። በአፍሪካ ቀንድ ቆላ የሚገኘውን ጀርቦዋ ያየ ሰው አንድ ዘር ሊመስለው ይችላል፤ ዝምድናቸው ግን የሩቅ ነው፣ ሁለቱንም በየፊናቸው እንዲህ አድርጎ የቀረጻቸው በረሃው ነው። ላስ ቬጋስ ወይም ሎስ አንጀለስ ለሚኖር አንባቢ የካንጋሮ አይጥ ጎረቤት ነው። መኪና አስነስቶ ወደ ሞሃቬ በረሃ መውጣት፣ ኬልሶ የአሸዋ ክምር ድረስ መዝለቅ፣ ወይም የጥቂት ሰዓት መንገድ ነድቶ ካሪዞ ሜዳ መድረስ ይበቃዋል።

ፈቃድ

ፈቃድ ከሌለዎት ይህን ጽሑፍ ወጥመዱ ላይ እስኪደርስ ብቻ ይጠቀሙበት። ማየት፣ ዱካ መከተል፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ የማንም መብት ነው። ማጥመድ ግን አሜሪካ ውስጥ ከየክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሳይንሳዊ ጥናት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከመሬቱ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ሌላ ፈቃድ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ የእንስሳት እንክብካቤ ኮሚቴው ይሁንታ ያስፈልጋል። በፌዴራል ሕግ ለሚጠበቁት ዝርያዎች የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ለይቶ ያልፈቀደለት ሰው ወጥመድ መዘርጋት አይችልም።

ነገሩ ወረቀት ለማብዛት የታሰበ አይደለም። ግዙፉ የካንጋሮ አይጥ በ1987፣ የስቲፈንስ የካንጋሮ አይጥ በ1988፣ የሳን በርናርዲኖው በ1998 ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ የስቲፈንሱ በ2022 አንድ ደረጃ ዝቅ ተደርጎለታል። ችግሩ እነዚህ የሚኖሩት ብዙ ጊዜ ከሚመሳሰሏቸውና ጥበቃ ከሌላቸው ዘመዶቻቸው ጋር መሆኑ ነው። ወጥመድ ደግሞ መርጦ አይይዝም፤ «ሳላውቅ ያዝኩት» የሚል መልስ በሕግ ፊት አያዋጣም። ፈቃድ የሌለው ሰው መማር ከፈለገ ፈቃድ ያለው ቡድን ውስጥ በረዳትነት ይግባ። ብዙዎቹ ጥሩ ባለሙያዎች የጀመሩት እንደዚያ ነው፤ በእኔ እምነት ሌላ መንገድም የለም፤ እንስሳ በእጅ መያዝን ከጽሑፍ ብቻ መማር አይቻልምና።

መሬቱን በቀን ማንበብ

በቀን እንስሳውን አያገኙትም። ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም የጉድጓዱን አፍ ከውስጥ በአፈር ደፍኖ ይውላል፣ ሙቀቱ እንዳይገባ የውስጡም እርጥበት እንዳይወጣ። የሚፈልጉት ሥራውን ነው። ለዚህ የሚስማማው ሰዓት ጎህ ከቀደደ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያለው ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላ ይረዝማል፣ በቀትር የማይታየው ዱካ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ዱካውን በራስዎና በፀሐይ መካከል አድርገው ይራመዱ። ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ የነፈሰ ከሆነ አይድከሙ፤ ቁርስዎን ይብሉና በማግስቱ ይመለሱ።

የካንጋሮ አይጥ በሚዘልበት ጊዜ መሬት የሚነኩት የኋላ እግሮቹ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ሁለት ረዘም ያሉ ምልክቶች ያያሉ። ቀስ ብሎ ጥሬ ሲለቅም ግን ትንንሾቹ የፊት እግሮች ነጥብ ነጥብ ሆነው መሐል ይገባሉ፣ ከኋላም ጅራቱ ቀጭን መስመር ይጎትታል። ይህን ካወቁ አንድ ጠዋት ብዙ ያስነብብዎታል። ለምሳሌ ከአንድ የክሪዮሶት ቁጥቋጦ ጥግ ይጀምሩ፦ የጅራት መስመር ወዲያ ወዲህ ይጠማዘዛል፤ እዚህም እዚያም በጥፍር የተጫረ ጣት የምታህል ጉድጓድ አለች፤ አጠገቧ የተላጠ የዘር ገለባ ተበትኗል። ከዚያ በድንገት የጅራቱ መስመር ይቋረጣል፣ በጥንዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከስንዝር ወደ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘላል፣ አቅጣጫውም ይሰበራል። እዚያ ላይ አንድ ነገር አስደንግጦታል። ቀና ብለው ቢያዩ የጉጉት ማረፊያ የሚሆን እንጨት፣ ዝቅ ብለው ቢፈልጉ የእባብ መስመር ሊያገኙ ይችላሉ። ከዱካው ርዝመት ይልቅ ይህን የተሰበረ ቦታ ንድፍ አድርገው ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ።

ቀጥሎ ጉድጓዶቹ። አፋቸው እንደየዝርያው ቢለያይም ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር አካባቢ ስፋት ያላቸው ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ቁጥቋጦ ሥር ወይም ትንሽ ጉብታ ላይ ይገኛሉ። በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና ያለው ባለ ነጭ ጅራት ጫፍ ዝርያ፣ ስፔክታቢሊስ የሚባለው፣ ጉድጓዱን የሚሠራው በአፈር ክምር ውስጥ ነው፤ ክምሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍታና በርካታ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይችላል፣ ውስጡም የእህል ጎተራ አለው። የካሪዞው ግዙፍ ዝርያ ደግሞ በመኖሪያው ላይ ያለውን ሣር አጭዶ ክብ ክብ መደብ ያበጃል፤ መደቦቹ ከአውሮፕላን ሳይቀር ይታያሉ።

በሥራ ላይ ያለን ጉድጓድ ከተተወው ለመለየት አፉን ይመልከቱ። ጠርዙ የተወለወለ፣ ፊቱ ላይ ትኩስ አፈር የተረጨ ከሆነ ነዋሪ አለው። የሸረሪት ድር የጋረደው፣ ቅጠል የሞላው፣ ጠርዙ የፈራረሰ ከሆነ የለውም። ካልተማመኑ ማታ አንድ የሣር አገዳ አፉ ላይ አግድመው ያኑሩና ጠዋት ይመልከቱት። እጅዎን ግን አያስገቡ፤ ራትልስኔክ የሚባለው ጅራቱን የሚያንቃጭል መርዘኛ እባብም በዚያው ጉድጓድ ይጠለላል። ጉብታው ላይም አይርገጡ፤ ከታች ያለው ዋሻ ስስ ነው፣ አንድ የጫማ ተረከዝ የወራት ሥራ ያፈርሳል። አፉ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ሰፊ ጉድጓድ ካጋጠመዎት የበረሃ ኤሊ ሊሆን ይችላል፤ የሞሃቬ ኤሊ ከ1990 ጀምሮ በሕግ ስለሚጠበቅ ርቀው ይለፉት። በቀን የሚወጣው የመሬት ሽኮኮ ጉድጓድም ያታልላል፤ እሱ በአብዛኛው ሰፋ ይላል፣ ደጃፉም ላይ ኩሱን ያገኛሉ።

ሣሩን መለካት

ብዙ ጀማሪ የሚዘልለው ሥራ ይህ ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ። ሃምሳ ሜትር ገመድ ይዘርጉ፣ በየሜትሩ ቀጭን ዘንግ ቀጥ አድርገው ያውርዱና ጫፉ የነካውን ይጻፉ፦ ባዶ መሬት፣ ሕያው ሣር፣ የደረቀ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ። ሃምሳ ነጥብ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት በመቶ ነው፤ ሒሳቡ እዚያው ሜዳ ላይ ያልቃል። አጠገቡም አፈሩን ይጻፉ፦ ልል አሸዋ ነው ወይስ ጠጠር፣ በጣት ሲገፋ ይገባል ወይስ ይመልሳል።

ይህ ልኬት ዋጋ የሚያወጣው የካንጋሮ አይጥ ገላጣ መሬት ወዳጅ በመሆኑ ነው። በሁለት እግሩ የሚዘልል እንስሳ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ መሮጥ አይችልም፣ የሚመጣበትንም አያይም። ከውጭ የገቡ የሣር ዓይነቶች ሜዳውን ሲያለብሱት ሰው ሳያርሰው፣ ቤት ሳይሠራበት መኖሪያው ይጠፋል። የሞሮ ቤይ የካንጋሮ አይጥ ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፦ ቤት እየበዛ፣ ሰደድ እሳት እየተከለከለ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ አለ፤ በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የተያዘው በ1986 ነው።

ግንኙነቱ በሌላውም በኩል ይሄዳል። በ1977 የሥነ ምኅዳር ሊቁ ጄምስ ብራውን በአሪዞና፣ ፖርታል ከምትባል መንደር አጠገብ፣ እያንዳንዳቸው 50 በ50 ሜትር የሆኑ 24 ቦታዎችን አጠረ። በአንዳንዶቹ አጥር ላይ የተተዉት ቀዳዳዎች ትንንሾቹን አይጦች ያሳልፋሉ፣ የካንጋሮ አይጥን ግን አያሳልፉም። በ1990 ብራውንና ባልደረባው ኤድዋርድ ሄስኪ ያወጡት ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ከ12 ዓመት በኋላ የካንጋሮ አይጥ በሌለባቸው ቦታዎች ረጃጅም ሣር በዝቶ ቁጥቋጦ የነበረው መሬት ወደ ሣር ሜዳ እየተለወጠ ነበር። አርባና ሃምሳ ግራም የሚመዝን ፍጥረት ትላልቅ ዘሮችን እየለቀመ፣ አፈሩን እየገለበጠ፣ መሬቱ ምን እንደሚያበቅል ይወስናል ማለት ነው። ሣሩን ሳይለኩ አይጡን ብቻ የቆጠረ ሰው የታሪኩን ግማሽ ጥሎ ይመለሳል።

ማምሻው

ወጥመድ ከመዘርጋትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ያሳልፉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በመረጧቸው ጉድጓዶች ፊት ለፊት ያለውን አሸዋ በብሩሽ ወይም በሰሌዳ ደልድለው ያልስሉ፤ ጠዋት የወጣውንና የገባውን ያነቡበታል። ከዚያ አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ ነፋሱ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በኩል ይቀመጡ። የሚይዙት ባትሪ ቀይ ብርሃን ያለው ይሁን፤ ነጭ ብርሃን እንስሳውን ያስበረግገዋል፣ የራስዎንም ዓይን ለጨለማው ያሳውረዋል።

ዝም ካሉ የሚሰማ ነገር አለ። በርካታ ዝርያዎች በኋላ እግራቸው መሬቱን በፍጥነት ይደበድባሉ። የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ጃን ራንዳል ይህን ለዓመታት አጥንታ፣ ስፔክታቢሊስ እያንዳንዱ የራሱ የአደባደብ ስልት እንዳለውና ጎረቤቱን ከእንግዳ በዚያ እንደሚለይ አሳይታለች። እባብ ሲያገኙም ይደበድባሉ፤ አንዳንዴ ከመሸሽ ይልቅ ቀርበው፣ አሸዋ ረጭተው «አይቼሃለሁ» ይሉታል። የካንጋሮ አይጡ የጆሮ አጥንት ከራስ ቅሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ነው፣ ዝቅተኛ ድምፅን፣ ለምሳሌ የጉጉትን ክንፍ፣ ለመስማት የተበጀ። ስለዚህ የእርስዎን ጃኬት ፍትግታም ይሰማል። የሚንኮሻኮሽ ናይሎን ልብስ አይልበሱ።

ጨረቃዋን ይከታተሉ። በሙሉ ጨረቃ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጉድጓድ መውጣታቸውን ይቀንሳሉ፣ የወጡትም ቁጥቋጦ ሥር ይሽሎከሎካሉ። ለማየት ብርሃኑ ይጠቅምዎታል፣ ለቆጠራ ግን ያሳስትዎታል። ፖርታል ላይ ወጥመድ በየወሩ የሚዘረጋው ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን አካባቢ የሆነው አለምክንያት አይደለም። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ባዶ የተገኘ ወጥመድ «የለም» ማለት ላይሆን ይችላል።

ፈቃድ የሌለው አንባቢ እዚህ ላይ ቢቆም የጎደለበት ነገር ጥቂት ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ አድርጎ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርጎ መትከል ይችላል፤ ይህም ቢሆን በአንዳንድ ፓርኮች አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልገዋል። ጥሬ መበተን ግን አይገባም፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንስሳ መመገብ ክልክል ነው።

ወጥመዱ

የሚሠራበት ሸርማን የሚባለው፣ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ፣ የሚታጠፍ ሣጥን ነው። የኢትዮጵያ የጥቃቅን አጥቢዎች ተመራማሪዎችም ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የተለመደው ርዝመቱ ወደ 23 ሴንቲሜትር ሲሆን ለካንጋሮ አይጥ ግን አይስማማም፤ እንስሳው ገብቶ መርገጫውን ሲነካ ጅራቱ ገና ውጭ ስለሚሆን በሩ ይቀረቅረዋል። ጅራት የሚዛኑ መጠበቂያ ነው፤ የተቆረጠበት እንስሳ አዘላለሉ ይበላሻል። 30 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝመውን ይጠቀሙ፣ ወይም በሩ ከታች ትንሽ ክፍተት እንዲተው የተስተካከለውን።

ማባበያው ደረቅ የወፍ ጥሬ ወይም አጃ ይሁን። ጥሬውን አስቀድመው ምድጃ ውስጥ በማሞቅ እንዳይበቅል ያድርጉት፤ ያለዚያ በየወጥመዱ አጠገብ መጤ አረም እየዘሩ ይሄዳሉ። የኦቾሎኒ ቅቤ ብዙ መጻሕፍት ቢያዝዙትም እዚህ አይመከርም፤ ጸጉሩን ያጨቀየዋል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ጉንዳን ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ትንሽ እንስሳ ማምለጫ የለውም። በአምስት ሜትር ዙሪያ የጉንዳን ኩይሳ ካዩ ቦታ ይቀይሩ።

ወጥመዱን በየአሥርና አሥራ አምስት ሜትር፣ በመስመር ወይም በፍርግርግ ያኑሩ። ከጉድጓዱ አፍ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ይበል፣ አፉ ላይ አይደቀን፤ መውጫውን መዝጋት ነውር ነው። ሲነኩት እንዳይንገዳገድ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ያደላድሉ፣ በደጃፉም ላይ ጥቂት አሸዋ በትነው ከመሬቱ ጋር ያስተካክሉት። አንድ እፍኝ ጥሬ ከመርገጫው ኋላ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ደግሞ ደጃፉ ላይ ይበቃል። ከዚያ በጣትዎ ጫፍ መርገጫውን ነካ አድርገው ይሞክሩት፤ በሩ ወዲያው ካልወደቀ ያስተካክሉት። በእያንዳንዱ ቦታ ቁጥር የተጻፈበት፣ በሽቦ የቆመ ትንሽ ባንዲራ ይትከሉ። ቀን ላይ በልቤ ይዤዋለሁ ያሉት ቁጥቋጦ ሌሊት ከሌላው አይለይም።

የሚከፍቱት ሊመሽ ሲል ነው፣ የሚዘጉት ፀሐይ ሳትወጣ። በመካከል እኩለ ሌሊት ግድም አንዴ ይዞራሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥበቃ ያላቸውን ዝርያዎች ለማጣራት የተለመደው ተከታታይ አምስት ሌሊት ማጥመድ ነው፤ ለተማሪ ልምምድ ሦስት ይበቃል። ዝናብ ከመጣ ወይም ብርዱ ከበረታ ይዝጉ። ውሃ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ይህ እንስሳ የሚበላውን ደረቅ ጥሬ ሰውነቱ ሲያቃጥል ከሚገኘው ውሃ ይኖራል፣ ኩላሊቱም ሽንቱን ከሰው ብዙ እጥፍ አወፍሮ ነው የሚያወጣው። ገዳዩ ሙቀት ነው። አያልበውም፤ ሲጨንቀው የሚያደርገው ምራቁን ወደ አገጩና ወደ ጉሮሮው ማፍሰስ ብቻ ነው። አገጩ ሥር ረጥቦ ካገኙት መለካቱን ይተዉና ጥላ ውስጥ ይልቀቁት፤ በማግስቱም ዙረትዎን ያስቀድሙ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ትራስ የሚሞላበትን ሰው ሠራሽ ጥጥ ትንሽ ያስገቡለት፣ ጥሬውንም ያብዙለት። ፈዝዞ ያገኙትን ከከረጢቱ ጋር ጃኬትዎ ውስጥ ያሙቁትና ሲነቃ ይልቀቁት።

በእጅ ሲይዙት

የተዘጋ ወጥመድ ሲያገኙ መጀመሪያ ከፍ አድርገው ክብደቱን ይገምቱ፤ በሩን ለማየት ብለው አይክፈቱ። ግልጽ የፕላስቲክ ወይም ስስ የጨርቅ ከረጢት አፉን በወጥመዱ ጫፍ ዙሪያ አጥብቀው ይያዙ፣ በሩን በጣት ወደ ውስጥ ይግፉ፣ ወጥመዱን ያዘንብሉት። እንስሳው ተንሸራቶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። በሚንጠለጠል ባለ ሞላ ሚዛን ከረጢቱን ከነእንስሳው ይመዝኑ፣ ኋላ የከረጢቱን ክብደት ይቀንሱ። ከዚያ ከረጢቱን ከውጭ ይዘው እንስሳውን ወደ አንድ ጥግ ያስጠጉ፣ የማጅራቱን ልል ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይቆንጥጡ፣ የኋላ እግሮቹን በመዳፍዎ ይደግፉ። በጅራቱ ፈጽሞ አይያዙት፤ የጅራቱ ቆዳ ሊገፈፍ ይችላል። እግሩን ሳይደግፉ አንጠልጥለው ከተዉትም በሚወራጭበት ኃይል ራሱን ይጎዳል።

አሁን የኋላ እግሩን ይመልከቱ። ሜሪያሚ የሚባለው፣ 40 ግራም ያህል የሚመዝነው ትንሹ ዝርያ፣ አራት ጣት ነው ያለው። ኦርዲ የተባለው ግን አምስት አለው፤ አምስተኛዋ ከሌሎቹ ከፍ ብላ በውስጥ ጎን የተለጠፈች ትንሽ ጥፍር ስለሆነች ጸጉሩን እፍ ብለው ካልገለጡት አትታይም። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ በሚገኙባቸው ቦታዎች ይህች ጥፍር ናት የምትዳኘው። ቀጥሎ የኋላ እግር ርዝመት፣ ጾታ፣ የጅራት ጫፍ ቀለም። የጉንጩ ከረጢት እንደ ኪስ ተገልብጦ የሚወጣ ነው፤ ጥሬ ሞልቶት ቢያገኙ ግን አያራግፉት፣ የሌሊት ሥራው ነው። ጡቷ ያበጠ እናት ከሆነች ሁሉንም ትተው መጀመሪያ እሷን ይልቀቁ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቋት አሉ።

ለአጭር ጥናት ምልክት ማድረጊያው ደረቱ ላይ በመርዝ አልባ ቀለም የሚሰመር መስመር ነው፤ ጀርባው ላይ ከሆነ ጉጉቱም ያየዋል። ለረጅም ጥናት ከቆዳ ሥር የሚገባ ማይክሮቺፕ ይሻላል፤ የጆሮ ብረት ሊነቀል ይችላል። ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ሲለቁት በተያዘበት ቦታ፣ ባትሪውን አጥፍተው፣ መሬት ላይ ዝቅ አድርገው እጅዎን ይክፈቱ። ወዲያው ላይሮጥ ይችላል፤ አይግፉት።

ስለ ራስዎ ጤና

የዘረጉት ለካንጋሮ አይጥ ቢሆንም ሌላም ይገባል። በ1993 አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኮሎራዶና ዩታ በሚገናኙበት አካባቢ ሰው የገደለው የሃንታ ቫይረስ ዋና ተሸካሚ አጋዘን አይጥ የተባለችው፣ ሆዷ ነጭ የሆነች ትንሽ አይጥ ናት፤ እሷም በዚሁ ወጥመድ ትያዛለች። ስለዚህ ጓንት፣ በደንብ የሚገጥም ማስክ፣ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ ያስፈልጋል። ኩስ ያለበትን ወጥመድ ደረቁን አያራግፉ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ያርጥቡት፣ ቆይተው ይጠቡት። ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ ፕሌግ የተባለው በሽታ በቁንጫ ስለሚተላለፍ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ካተኮሰዎት ለሐኪሙ አይጥ ሲነኩ እንደነበረ ይንገሩት።

መዝገቡ

በየሌሊቱ ስንት ወጥመድ እንደተከፈተ ካልጻፉ የያዙት ቁጥር ትርጉም የለውም። 40 ወጥመድ ሦስት ሌሊት ቢከፈት 120 የወጥመድ ሌሊት ይሆናል፤ ሳይዙ ተዘግተው የተገኙትን እያንዳንዳቸውን እንደ ግማሽ ይቀንሱ። የተያዘውን ለዚህ ካካፈሉ በኋላ ነው አንዱን ቦታ ከሌላው፣ ዘንድሮን ከአምና ማወዳደር የሚቻለው። የጨረቃውን ሁኔታ፣ ዝቅተኛውን ሙቀት፣ ነፋሱን አጠገቡ ይጻፉ። ባዶ ሌሊትንም ሙሉ መዝገብ ይስጡት። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ በሳን ኪንቲን ሸለቆ፣ ከ1986 ወዲህ ያልታየው የካንጋሮ አይጥ በ2017 እንደገና የተገኘው ተመራማሪዎች ጥቃቅን አጥቢዎችን ለመቁጠር በዘረጉት ወጥመድ ነው። የያዙትን ለመለየት የቻሉት የቀደሙት ሰዎች ያስቀመጡት መግለጫ ስለነበረ ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ወጥመዶቹን ሲሰበስቡ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር። አርባ ከወጣ አርባ መመለስ አለበት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከሆነ ማንም መኪና ውስጥ አይግባ። ክፍት ሆኖ የተረሳ አንድ ወጥመድ ከዚያች ሌሊት በኋላ የሚጎበኘው የለም፣ ያጠምዳል ግን። ባንዲራዎቹን የሚነቅሉት ወጥመዶቹ ተቆጥረው ካለቁ በኋላ ነው።